ሦስታችን እና የጋብቻ መዝገቡ

የካቲት 4 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

የኔ ደም ኤ ነው። የሳምሶን ኦ ነው። ኦ ከኦ በቀር ከማንም አይቀበልም አሉኝ። ላቦራቶሪ ያለችው ልጅ ይህን ስትነግረኝ ማስቲካ ታኝክ ነበር። ወረቀቱን ተቀብዬ አመሰገንኳት። ለምን እንዳመሰገንኳት አላውቅም።

የወንድሙ የታምሩም ውጤት መጣ። ደሙ ኦ ነው፤ ግን ስኳር አለበት፤ ራሱም አያውቅም ነበር። ኩላሊት መስጠት አይችልም። ከአገር ቤት ከኦቾሎ ድረስ ወርዶ፣ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ፣ የራሱን በሽታ ይዞ ተመለሰ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት ብቅ አለና «ሳምሶን ሚስት አግብቶ ቢሆን ይሄኔ ሰው ነበረው» አለኝ።

አጠገቡ ቆሜ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳምሶን አጠገብ ቆሜ።

የካቲት 5

ንዴቴ አልበረደም። ቢሮ ሦስት የልደት ምስክር ወረቀት አበላሸሁ። አለቃዬ አቶ ሽበሺ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

ሥራዬ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነው። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ሞት። አስራ አራት ዓመት እነዚህን አራቱን ስጽፍ ኖሬአለሁ። ከአራቱ እኔ ያለሁበት አንዱ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው።

ዛሬ ሳምሶንን ለኩላሊት እጥበት ሳስገባ አዲስ ነርስ ነበረች። ለታካሚው ምኑ ነሽ አለችኝ። ቤተሰብ አልኳት። ሚስት? አይደለሁም። እህት? አይደለሁም። እስክሪብቶዋን አንስታ ጠበቀችኝ። ዝም ስላት «ጎረቤት» ብላ ጻፈች።

ጎረቤት! ሲቀላ ሰፈር፣ አንድ ግቢ፣ ሦስት ክፍል፣ አንድ ማጀት። ሳምሶን አባያ ሐይቅ ዳር የጀልባ ሞተር ይጠግናል፤ ወይም ይጠግን ነበር። ሚሪያም የሙዝ ገበሬዎች ማኅበር ውስጥ የጭነት መኪና ታሰማራለች። እኔና ሳምሶን የተዋወቅነው አባቴ በሕይወት እያለ ሴቻ ሰፈር ያለው ቤታችን ተከራይቶ ሲኖር ነው። አባቴ ሲሞት ሰው ሁሉ በሦስተኛው ቀን ሄደ፤ እሱ አልሄደም። ሚሪያም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባሏን ትታ መጥታ ሦስተኛዋን ክፍል ያዘች። ወር ሳይሞላት የራሷን ምድጃ ለሰው ሰጠች፤ ከዚያ ወዲህ ለብቻዋ በልታ አታውቅም።

ደጃችን ካለው ሱቅ በረንዳ ሁሌ የምሰማው ጥያቄ አለ። ከሁለቱ የሱ የትኛዋ ናት? ድሮ እንስቅበት ነበር።

የካቲት 9፣ እሑድ

ምሳ ላይ ሚሪያም ነገረችን። አርብ ለብቻዋ ሄዳ ተመርምራለች። ኦ ነው።

ለሳምሶን ድንች ሁለት ጊዜ ቀቅዬ ውሃውን እየደፋሁ ነበር፤ ፖታሲየም ለኩላሊቱ አይሆንም ብሎ ሐኪሙ እንደዚያ ነው ያዘዘው። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ቲማቲም ተከልክሏል። ሚሪያም በቀን አስር መኪና ሙዝ ትጭናለች፤ ማታ ልብሷን ሳትቀይር ወደ ክፍሉ አትገባም፤ ሽታው ያምረዋል ብላ።

«ኦ ነው» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። ሳምሶን ማንኪያውን አስቀመጠና ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኛል። ድስቱን ለምን እንደወረወርኩት ግን አላውቅም። ከነድንቹ ግቢው ውስጥ ተገለበጠ።

ሳትነግረኝ መሄዷ ነው ያናደደኝ። ሌላ ነገር አይደለም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሐኪሙ ሦስታችንንም አስቀመጠን። ንቅለ ተከላው አዲስ አበባ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ኮሚቴ ለጋሹን ይመረምራል። ለጋሹ የሥጋ ዘመድ ወይም የትዳር ጓደኛ መሆን አለበት። ሰው ኩላሊቱን እንዳይሸጥ፣ ተገዶም እንዳይሰጥ ነው አለ።

ሚሪያም የምሸጥ እመስላለሁ ወይ አለችው። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ አፈረ። «እኔ አውቃችኋለሁ» አለ። «ኮሚቴው ግን የሚያውቀው ወረቀት ነው።»

ወረቀት። የወረቀት ነገር ለኔ ይነገራል?

የካቲት 14

አልሠራሁም ማለት ይቻላል። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያፈነዳዋል። ሳምሶን እግሩ አብጧል። ባለፈው መስከረም ጫማ አልገባ ሲለው «ወፍረሃል» ብዬ ስቄበት ነበር። ያኔ ሐኪም ቤት ወስጄው ቢሆን!

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሚሪያም ከሥራ ቀርታ ቢሮ መጣች። ተራ ጠብቃ፣ እንደ ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ቆመች።

የጠየቀችኝን በሷ ቃል ልጻፈው። «እኔና ሳምሶን ከዘጠኝ ዓመት በፊት በባህል ተጋብተን ሳናስመዘግብ ቆይተናል ብለሽ ጻፊ።»

በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ዘግይቶ ይመዘገባል። ምስክር ይቀርባል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አቶ ሽበሺ ያትማሉ። የዛሬ ቀን ያለው ጋብቻ ኮሚቴው ፊት አያስኬድም፤ ለኩላሊቱ ሲሉ ነው የተጋቡት ይላሉ። የዘጠኝ ዓመት ጋብቻ ግን ማንም አይጠይቀውም። ሁሉንም አስባበታለች። ምስክሮቹን ሳይቀር።

አይሆንም አልኳት። ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ ወንጀል ነው። አስራ አራት ዓመት አንድ ቀን አላዛባሁም። ልጇን ለመዳር ዕድሜ ልታስጨምርላት የመጣችውን እናት ከዚህ መስኮት መልሻታለሁ፤ ሴትየዋ እግሬ ላይ ወድቃ ነበር።

«ያቺ ልጅ ልትዳር ነበር» አለች ሚሪያም። «ይሄ ሊሞት ነው።»

ከኋላዋ አምስት ሰው ተሰልፏል። ቀጣይ አልኩ። ሚሪያምን፣ ቀጣይ ብዬ አባረርኳት።

የካቲት 21

አንነጋገርም። ሦስተኛ ቀኑ። ሳህኑን እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ታደርቃለች፤ አንተያይም። ጾም በመሆኑ ቤቱ ራሱ ዝም ብሏል።

እሷ ልክ አይደለችም። እኔ ልክ ነኝ። ሕግ ነው።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ሳምሶን አባያን ልየው አለ። ባጃጅ ይዘን እስከምንችለው ሄድን፤ የቀረውን በእግር፣ እየተቀመጥን፣ እየተነሳን። የሥራ ጓደኞቹ ጀልባውን ጎትተው ጥላ አበጁለት። የተጠበሰ አሳ ጨውና ቃሪያ በበዛበት ዳጣ አመጡልንና እሱ ጨው እንደማይበላ ሲያውቁ ደነገጡ። እኔም አልበላሁም።

እኔና ሚሪያም እንደማንነጋገር ያውቃል። አልጠየቀኝም። እሱና እኔ ከድሮም ብዙ አናወራም፤ ከእሱ ጋር ሁለት ሰዓት ዝም ብዬ መቀመጥ እችላለሁ፤ ከሌላ ሰው ጋር አምስት ደቂቃ አልችልም። ከሚሪያም ጋር ደግሞ ይከራከራሉ፤ ስለ መኪና፣ ስለ ኳስ፣ ስለ እግዚአብሔር፤ ሳቃቸው ግቢውን ይሞላዋል። እኔና ሚሪያም ሌላ ነን። ወባ ሲይዘኝ ገላዬን የምታጥበኝ እሷ ናት። ጸጉሯን የምሠራት እኔ ነኝ። ለእናቴ ያልነገርኩትን ለሷ ነግሬአታለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ንዴቴ ምክንያት እንዳለው ለማሳየት ነው። ለማን እንደሆነ እንጃ።

ሰው ፍቅር ያዘኝ ሲል የሚሆነውን እኔ ሆኜ አላውቅም። በሃያ አራት ዓመቴ ታጭቼ ነበር፤ ጥሩ ልጅ ነበር፤ አጠገቡ ስቀመጥ መቼ ቤት እንደምገባ አስብ ነበር። አልጠላሁትም። ስሜቱ የለም፤ ዝም ብሎ የለም። ሳምሶንም እንዲሁ ነው፤ ወጣት ሆኖ ሴቶቹ ሲያለቅሱለት ግራ ይገባው ነበር። ሚሪያም አግብታ ሁሉ ሞክራዋለች፤ አንድ ዓመት። ሰውየውን እንደ አጎቴ ልጅ ነው የምወደው ብላኛለች። ስልኳ ላይ ቃሉን ያገኘችው እሷ ናት፤ አሮማንቲክ ይባላል፤ በፍቅር የማይያዙ ሰዎች ማለት ነው። ያን ቀን ሦስታችንም ስልኳ ላይ ተደፍተን አነበብን። ሳምሶን «እኛ ብቻ መስሎኝ» አለ።

ዛሬ ሐይቁን እያየ ግን ተናገረ። «ወረቀቱን ለመጻፍ ካልፈለግሽ እኔ አልፈልግም። ግን ለምን እንዳልፈለግሽ ለሚሪያም ንገሪያት። ለኔ የነገርሽኝን ሳይሆን፤ እውነቱን።»

እውነቱ ሕጉ ነው አልኩት። አላመነኝም።

መጋቢት 2

ሳምሶን ተዝለፈለፈ። መተንፈስ አቃተው፤ ሳንባው ውሃ ይዞ። ሚሪያም የሙዝ መኪና አስቁማ ጋቢና ውስጥ አስገባነው። ድንገተኛ ክፍል። አንድ ሰው ብቻ ይገባል አሉ። ሁለታችንም ቆምን። እሷን ገፋሁ። ግቢ አልኳት። ገባች።

በሩ ጋ አንዲት ሴት፤ «አይዞሽ፣ ወንድምሽ ነው?»

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ተርፏል። ሌሊቱን በኦክሲጅን አደረ፤ ዛሬ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ሐኪሙ እንዲህ ያለው ሦስት አራት ጊዜ አይደገምም አለ። ማለት የፈለገው ገብቶኛል።

ከሆስፒታል በቀጥታ ቢሮ ገባሁ። ዘግይቶ የሚመዘገብ ጋብቻ ቅጹን አወጣሁ። የባል ስም ሞላሁ። የሚስት ስም ሞላሁ። ጋብቻው የተፈጸመበት ቀን የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

አቶ ሽበሺ ከኋላዬ ቆመው አዩ። ጎንደር ተወልደው ሠላሳ ዓመት እዚህ የኖሩ፣ በነጥብ የሚጣሉ ሰው ናቸው፤ ሐምሌ ጡረታ ይወጣሉ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ወደ ክፍላቸው ገብተው ማኅተሙን ከነሣጥኑ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ከሰዓት ስብሰባ አለኝ፤ አልመለስም» አሉ። ስብሰባ የለም፤ አውቃለሁ።

ሲወጡ ጮኼ ላለቅስ ነበር። ውሸቱን ሁሉም ሰው ይቅር ይለኛል። አለቃዬ ማኅተም ያውሰኛል፣ ሚሪያም ምስክር ታመጣለች፣ ኮሚቴው አምኖ ይፈርማል። እውነቱን ግን የሚቀበለኝ አንድ ሰው የለም። እውነቱ የሚጻፍበት መስመር እንኳ የለም።

ቅጹ ላይ እስከ አስር ሰዓት አፍጥጬ ዋልኩ። 2008 ብዬ ብጽፍ ከዚያ ወዲህ ያለው ዘጠኝ ዓመት የባልና የሚስት ይሆናል። የአንድ ባልና የአንዲት ሚስት ቤት። የአባቴን ተዝካር ያወጣንበት ቀን፣ ሚሪያም ታይፎይድ ይዟት ተራ በተራ ያስታመምናት፣ የዝናቡ ጎርፍ ማጀታችን ገብቶ ሦስታችን አልጋ ላይ ቆመን የሳቅንበት፤ ያ ሁሉ የነሱ ይሆናል። እኔ ማን ልሆን ነው? የባለትዳሮች ጎረቤት። በገዛ እጄ፣ በገዛ ጽሑፌ ራሴን ልሰርዝ ነው።

ይኸው ጻፍኩት። ሕጉ አይደለም። ሕጉም ነው፤ ግን ሕጉ ብቻ አይደለም። ሰው እየሞተ እኔ ስለ ራሴ ስም አስባለሁ። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

ቅጹን ቀደድኩት። ማኅተሙን ካዝና ውስጥ ቆለፍኩ።

መጋቢት 5፣ አርብ

ለሚሪያም ነገርኳት። ሆስፒታሉ ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር። የጻፍኩትን ሁሉ በአፌ ደገምኩላት። ስጨርስ እንደምትጮህብኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

«መጀመሪያ እንዲህ አትዪኝም ነበር?» አለች። «እኔኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነው።»

ከዚያ ተናደደች፤ በሷ አነጋገር፣ ጣቷን እያወዛወዘች። ኩላሊቱን የምሰጠው ሚስቱ ስለሆንኩ ይመስልሻል? አንቺ ኦ ብትሆኚ እኔን ትጠይቂኝ ነበር? ድስት የወረወርሽው ለምን እንደሆነ የማላውቅ ይመስልሻል? ሁሉንም አለችኝ። ሁሉም ልክ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ሰማሁ።

ያለፈውን አንነካም ተባባልን። ጋብቻው የሚጻፈው ዛሬ ባለው ቀን፣ እውነተኛ ጋብቻ ሆኖ ነው። ኮሚቴው ከተጠራጠረ ይጠራጠር፤ ሄደን እንነግራቸዋለን። ሳምሶን ከአልጋው ላይ እሺ አለ። ማስታወቂያው አንድ ወር መለጠፍ አለበት፤ ተቃዋሚ ካለ እንዲመጣ። ከሰዓት በኋላ እኔው ጻፍኩት፣ እኔው ለጠፍኩት።

መጋቢት 12

ማስታወቂያው በተለጠፈ በሳምንቱ ከተማው ሰምቷል።

አክስቴ እትዬ በለጥሽ ከሴቻ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ለቅሶ ቤት እንደሚኬደው። ገና ከበሩ «የኔ ልጅ» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አስራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቀሽ፣ ደክመሽለት፣ አስታመሽ፣ ታናሺቱን አገባ አለች። እንዲህ ያለ ከሃዲ አይታ አታውቅም። ለዚያውም በጾም።

ማንም አልካደኝም አልኳት። እያለቀሰች ጀርባዬን መታ መታ ታደርገኛለች። ሁለቱም ጓደኞቼ ናቸው፤ ጋብቻውም የኔ ሐሳብ ነው አልኳት። ይኼኔ ባሰባት፤ ልቧ ተሰብሮ አእምሮዋ ተነካ ብላ ነው መሰል።

ከሷ በኋላ ሁለት ጎረቤቶች። ከዚያ የሱቁ ባለቤት፣ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንም እንዲህ አዝኖልኝ አያውቅም። ሳምሶን ሊሞት ሲል አንድ ሰው አልመጣም፤ አንድ ወንድ ሌላ አገባ ሲባል ግቢው ሞላ።

ሚሪያም መጋረጃ ጀርባ ቆማ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። እኔ አልሳቅኩም። ብርቱካኑን እንኳ ሳምሶን አይበላውም።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ወሩ ያለቀው የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ላይ ሆነ። ሌላ ቀን መጠበቅ አንችልም። ሰው ምን ያህል እንዳወራ ለመጻፍ ጉልበት የለኝም።

ታምሩ ከኦቾሎ አንድ ገንቦ ማር ይዞ ወረደ። ደስታው ልክ አልነበረውም። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ወንድሜ ሰው ሆነ ይላል ደጋግሞ። ሚሪያምን እቅፍ አድርጎ ሳማት፤ ለኔ ራቅ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ሥራዬን እንድሠራ ባልገደድ ጥዬ እወጣ ነበር።

አቶ ሽበሺ ቃላቸውን ተቀበሉ። እኔ ጻፍኩ። ሳምሶን ሲፈርም ሚሪያም ወረቀቱን ያዘችለት። ጽሑፌ ጥሩ ነው፤ አላበላሸሁም።

ቤት ስንመለስ ሚሪያም ሻንጣዋን ወደ ሳምሶን ክፍል ልታዛውር እንደሆነ ታምሩ ጠየቃት። ለምን አለችው። እሱም ግራ ገባው፤ እሷም።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

ዛሬ ኮሚቴው ፊት ቀረብን። አምስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ። ብርዱ አጥንቴ ገብቷል።

ጋብቻው የአንድ ወር መሆኑን ወዲያው አዩ። ሰብሳቢው፣ ሽበታም ሐኪም፣ ወረቀቱን ገልብጦ አየና የቤተሰብ ምስክር ይግባ አለ። ታምሩ ገባ። እነዚህ ሰዎች ከመቼ ጀምሮ አብረው ይኖራሉ ተባለ። ዘጠኝ ዓመት አለ። እንደ ባልና ሚስት? አዎ አለ። ይህችስ ሴት ማን ናት ብሎ ሰብሳቢው እኔን አሳየው።

ታምሩ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት፣ አንድና ብዙ ይቀላቀሉበታል። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ሁለቱም ሚስቱ ነው» አለ።

ከኮሚቴው አንዱ ሳል መጣበት። አለቀልን ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

ሰብሳቢው ወደኔ ዞረና እርስዎ ያስረዱን አለኝ። ለሁለት ወር ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ ንዴቱ ነው። ጋብቻውን የመዘገብኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ባልና ሚስት የሚያደርገው ፍቅር ሦስታችንንም ይዞን አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ብቻችንን መኖር ግን አንፈልግም፣ አልኖርንምም። የእናንተ ደንብ ሰው ኩላሊቱን እንዳይሸጥ ነው፤ ጥሩ ደንብ ነው። ግን ዘጠኝ ዓመት ገላዬን ያጠበችኝን ሴት ባዳ ይላታል፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተለየ ወንድም ቢመጣ ዘመድ ይለዋል። ደሜ ኤ ባይሆን እኔ ነበርኩ የምሰጠው። እሷ ቀደመችኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ድምፄ ጮክ ብሎ ነበር።

ከዚያ አንዲት ሴት ሐኪም ሚሪያምን ለብቻዋ ጎን ክፍል አስገብታ ለረጅም ጊዜ አናገረቻት። ሚሪያም ስትወጣ ምን እንደተባለች ጠየቅኳት። «ትወጂዋለሽ ወይ አለችኝ። እነሱ እንደሚሉት አይደለም አልኳት። ታዲያ ለምን ትሰጪዋለሽ አለችኝ። እሱ የሌለበት ቤት መግባት ስለማልፈልግ አልኳት።»

ግንቦት 6

ታምሩን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። ሁለት ሚስት ብለህ ልታስገድለው ነበር ወይ አልኩት፤ ሰው እያየን። አቀርቅሮ ሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት አገር ቤት ወንድምህ ለምን አያገባም ሲሉት፣ ከተማ ሁለት ሚስት አለው ሲል ኖሯል። ስማችንንም ያውቁታል። እናታቸው ከመሞቷ በፊት ስትጸልይ የኔንም የሚሪያምንም ስም ትጠራ ነበር አለኝ።

«ሌላ ምን ልበላቸው?» አለኝ። «ቃሉን እናንተም አልነገራችሁኝ።»

ንዴቴን የማስቀምጥበት አጣሁ።

ግንቦት 22፣ አርብ

ደብዳቤው መጣ። ተፈቅዷል።

አራት ጊዜ አነበብኩት። «ለጋሿ የታካሚው ባለቤት በመሆኗ» ይላል። ያልነው አንድም የለም። ቁጭ ብለው ሰሙን፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ያቺ ሐኪም እኔን ስትሸኘኝ ዐይኗ እርጥብ ነበር፤ የጻፉት ግን ባለቤት ነው። ሌላ የሚጽፉበት ቃል የላቸውም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እጽፍ ነበር፤ አስራ አራት ዓመት የጻፍኩት ያንኑ ነው። መስኮቴ ጋ መጥተው ከሁለቱ ሣጥን በአንዱም አልገባ ያሉኝን ስንቱን መለስኩ?

ሳምሶን ደብዳቤውን ታቅፎ ተኛ። እናደዳለሁ እንጂ አልመልሰውም።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሚሪያምን ወሰዷት። አንድ ሰዓት ቆይቶ ሳምሶንን። ታምሩ ከታች ጸሎት ላይ ነው። እኔ በሁለት ፎቅ መሃል።

ስድስት ሰዓት። ምንም።

ስምንት ሰዓት ተኩል። የሷ አለቀ፤ ደህና ናት፤ አልነቃችም።

አስር ሰዓት። ሐኪሙ ወጣ። ኩላሊቱ ገብቷል፤ አሁን መሥራቱን የምናውቀው ሲሸና ነው አለኝ። በመስታወት በኩል ከአልጋው ሥር የተንጠለጠለውን ከረጢት አየሁ። ባዶ ነው። ነርሷ አትቁሚ ተቀመጪ አለችኝ። ቆምኩ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቱቦው ውስጥ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ፤ ዐይኔ መሰለኝ። ከዚያ ወረደ። ነርሷ ጎንበስ ብላ መስመሩን አነበበችና አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። መቶ ሃያ ሚሊ ሊትር።

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። የሚሪያም ከንፈር ደርቋል፤ በጥጥ አራስኩላት። ዐይኗን ገለጠች።

«ሸና?»

«ሸና።»

ልትስቅ ስትል ስፌቱ ወጋትና ሰደበችኝ፤ ለምን ታስቂኛለሽ ብላ፤ እኔ ምንም ሳልል። እጄን ይዛ ዐይኗን ከደነች። የተኛች መስሎኝ ልነሳ ስል አልለቀቀችኝም።

«አንቺስ በልተሻል?»

ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል አልቀመስኩም ነበር። ዛሬ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ስለ ሁለቱ ነው የጠየቀኝ። በላሁ ብዬ ልዋሻት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። አልበላሁም አልኳት።

«ሂጂ ብዪ» አለች ሚሪያም፣ ዐይኗን ጨፍና። «እኛ የትም አንሄድም።»

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ፊቴ እስኪያብጥ አለቀስኩ። ከዚያ ወርጄ፣ ታምሩን ከጸሎቱ አስነስቼ፣ ሁለት ሽሮ አዘዝኩ።